ካርዴ ሰው ጋ ተይዟል፤ ፎርሙን ልፈርም?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ከጓደኞቼ ጋር እየተቀባበልን እናነባለን። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

27 ዓመቴ ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፐሬተር ሆኜ ስሠራ አራት ዓመት ሞላኝ። ጠባሴ አካባቢ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ደመወዜ 4,200 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 3,566 ብር እጄ ይደርሳል። ምሳና ሰርቪስ ከድርጅቱ ነው። የኪራይ ድርሻዬ 700 ብር ነው። ለእናቴ 500 እልካለሁ። በአንድ የስፌት መስመር (ላይን) አብረውኝ ከሚሠሩ ልጆች ጋር ደግሞ በየወሩ 500 ብር እቁብ እጥላለሁ።

ከስምንት ወር በፊት አባቴ ዐረፈ። ለአርባው ተዝካር 6,000 ብር ተበደርኩ። ያበደረኝ እዚያው ፋብሪካ የሚሠራ ኃላፊ ነው። በወር 600 ብር ወለድ እከፍለዋለሁ። የኤቲኤም ካርዴን ከነሚስጥር ቁጥሩ አስይዣለሁ። ደመወዝ ሲገባ የራሱን አውጥቶ ካርዱን ለአንድ ቀን ይሰጠኛል። ሰባት ወር ከፈልኩ፤ ዋናው ብር እስካሁን አልተነካም።

ስለዚህ ወሩ አይደርስልኝም። ድርጅቱ በስልክ የሚሞላ የደመወዝ አድቫንስ አስገብቶልናል። በየወሩ አጋማሽ 1,000 ብር እወስዳለሁ፤ ደመወዝ ሲገባ 1,050 ይቆረጣል።

አሁን ደግሞ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ሊቋቋም ነው። መመዝገቢያ 200፣ አንድ አክሲዮን 500፣ በየወሩ ከደመወዝ 5 በመቶ ይቆረጣል። ከስድስት ወር በኋላ የቆጠብነውን ሦስት እጥፍ መበደር እንችላለን። ሁለት ዋስ ያስፈልጋል። ፎርሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ተፈርሞ ይመለስ ተብሏል፤ “ሁሉም ይፈርማል” ነው የሚሉን። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን “እኔ ቀድሞ የነበርኩበት ቦታ ገንዘብ ያዡ ብሩን ይዞ ጠፍቷል፤ አደራሽን እንዳትፈርሚ” ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ “በስልክ ተበደሪና ለሰውዬው ወርውሪለት” ትላለች።

እቁባችን 12 ሰው ነው። ስምንት ዕጣ ወጥቷል፤ የእኔ ገና ነው። ሲደርሰኝ የስፌት መኪና መግዣ መነሻ ላደርገው ነበር። ያ ሕልሜ ባይኖር እስካሁን ተስፋ በቆረጥኩ ነበር። ለጡረታ እያሉ የሚቆርጡት 294 ብርም ያናድደኛል፤ እኔ ዛሬ እየራበኝ እነሱ ስለ እርጅናዬ ያወራሉ።

እናቴ ስለ ዕዳው አታውቅም። ሙት ዓመቱ ከአራት ወር በኋላ ነው። “ያለሽው አንቺው ነሽ” ትለኛለች። ፎርሙን ልፈርም ወይስ ልተው?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አባትሽ ካረፉ ዓመት እንኳ አልሞላም። በቅጡ ሳታለቅሺላቸው ዕዳውን ስታሯሩጪ ከርመሻል። ደብዳቤሽን ሳነብ ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው ልቤን የነካው። የጻፍሽልኝን ቁጥሮች ደጋግሜ ደመርኳቸው። ለራስሽ ቅንጦት ብለሽ ያወጣሽው አንድም ብር የለበትም። ስለዚህ “ገንዘብ መያዝ አልችልበትም” የሚል ሐሳብ በውስጥሽ ካለ ከዛሬ ጀምሮ አውጪው። በ1,200 ብር ገደማ ወር ሙሉ ቁርስና እራት የበላች ሰው ገንዘብ መያዝ ታውቃለች።

ስለ ፎርሙ አላድበሰብስሽም። በዚህ ወር አትፈርሚ። ከሦስት ወር በኋላ ፈርሚ።

ማኅበሩን ጠልቼው አይደለም። እንዲያውም አሠሪሽ ካቀረበልሽ ነገሮች ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ግን በአንድ እጅሽ 210 ብር እየቆጠብሽ በሌላው 600 ብር ወለድ የምትከፍይ ከሆነ ቁጠባው የት ላይ ነው? ደግሞ መመዝገቢያው፣ አክሲዮኑና የመጀመሪያው ወር ቁጠባ ሲደመር 910 ብር ነው። ያ ብር ከየት ይመጣል? ከአድቫንስ ነው የሚመጣው። አድቫንስ ወስዶ መቆጠብ ደግሞ ለቆጠቡት ብር መክፈል ነው።

ስለዚህ ከፎርሙ በፊት ሰውዬው ይቅደም። ለ6,000 ብር በወር 600 ማለት በወር 10 በመቶ ነው። በሰባት ወር 4,200 ብር ከፍለሻል። ልብ በይው፤ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝሽ፣ ግብርና ጡረታ እንኳ ሳይነሳለት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በዚያ ልክ ቢሆን ለ6,000 ብር በወር 60 ብር፣ በሰባት ወር 420 ብር ትከፍይ ነበር። አንቺ አሥር እጥፉን ከፍለሻል። አራጣ የሚባለው ይሄ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ይህን የምነግርሽ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ ለማለት አይደለም። ከሰውዬው ጋር ስትነጋገሪ አንገትሽን እንዳትደፊ ነው። የምታፍሪው አንቺ አይደለሽም።

አሁን ደግሞ አድቫንሱን እንየው። እሱ በድርጅቱ በኩል የመጣ ነው፤ የሚከፈለውም “የአገልግሎት ክፍያ” ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ማንም አራጣ አይለውም። ግን አስይው። 1,000 ብር ለሁለት ሳምንት ወስደሽ 50 ብር ትጨምሪበታለሽ። ለሁለት ሳምንት 5 በመቶ ከሆነ ለወር 10 በመቶ ነው። ፍጥነቱ ሰውዬው ከሚያስከፍልሽ ጋር እኩል ነው። ብሩ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ብቻ አይታወቅሽም። አንድ ሌሊት ድንገት ታመሽ መድኃኒት መግዣ ብታጪ 50 ብሩ አይከፋም፤ የሰው ፊት ከማየት ይሻላል። ለእንዲህ ያለው ቀን ይጠቅማል። በየወሩ ሲሆን ግን የዘንድሮን ጉድጓድ በከርሞ አፈር መድፈን ነው። ደመወዝሽን አይጨምረውም። በዓመት 600 ብር ይቀንሰዋል እንጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድርጅታችሁ ከራሱ ካዝና፣ ያለ ክፍያ፣ በማመልከቻ የሚሰጠው አድቫንስ የለውም? ብዙ ቦታ አለ። በስልኩ ምክንያት ተረስቶ ይሆናል። የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ እሱ ይጠይቅላችሁ። “50 ብሩን ድርጅቱ ይሸፍንልን” ማለት ነውር አይደለም።

በስልክ ተበድረሽ ለሰውዬው ክፈይ ያለችሽ ጓደኛሽ በጎ አስባ ነው። ቴሌብር ላይ እንደ መላ ያሉ ብድሮች ከመጡ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ብዙ ሰው ትንሽ ቀዳዳ ደፍኖባቸዋል። ግን ቶሎ የሚመለሱ ብድሮች ናቸው። አንቺ ያለብሽ ዕዳ ደግሞ የወር አይደለም። በሚቀጥለው ወር ያን ሁሉ ብር ከየት ታመጪዋለሽ? ተመልሰሽ ሰውዬው ጋ ነው የምትሄጂው።

አሁን ወደ እቁቡ እንምጣ። 12 ሰው በ500 ብር። ዕጣው 6,000 ብር ነው። ያለብሽ ዕዳም 6,000 ብር ነው። ይህን ሳታዪው ቀርተሽ አይመስለኝም። አይተሽው ልብሽ እንቢ ብሎ ነው። እመለስበታለሁ።

አራት ዕጣ ቀርቷል። አንቺን ጨምሮ አራት ሰው ይጠብቃል። ዕድልሽ መጨረሻ ላይ ቢወጣ ከቀጣዩ ዕጣ ሦስት ወር ይዘገያል፤ ይሄ ለሰውዬው ሌላ 1,800 ብር ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው ዕጣ በፊት ዳኛውን ለብቻው አናግሪው። ችግር የገጠመው ሰው “ይሄኛው ዕጣ ለእኔ ይሁንልኝ” ብሎ መለመኑ በእቁብ የቆየ ነገር ነው። አንዳንዱ እቁብ ዕጣውን በስምምነት ይሰጣል። አንዳንዱ ዘንድ ደግሞ ከደረሰው ሰው ላይ ትንሽ ብር ጨምሮ ዕጣውን መግዛት ይቻላል። 300 ብር ጨምሪ ብትባይ እንኳ ተቀበይ፤ በአንድ ወር ወለድ ግማሽ ዋጋ ነፃ ትወጫለሽ። ዝርዝሩን ሁሉ ለሁሉም ማውራት የለብሽም። “በወለድ የሚበላኝ ዕዳ አለብኝ፤ እሱን ልዝጋ” ካልሽ ይበቃል። ዋስ አምጪ ይሉሻል፤ አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ከአሁኑ ጠይቂያት። እህት የሆነች ልጅ መሆኗ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል።

የስፌት መኪናውን ከእጅሽ የምነጥቅ እንዳይመስልሽ። ሰባት ወር ሙሉ ያቆመሽ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ያለ ተስፋ በብርድ ተነሥቶ ሰርቪስ አይጠብቅም፤ ያውም በደብረ ብርሃን ጠዋት። ግን እስቲ በእውነት መልሺልኝ። ዕጣው ደርሶሽ 6,000ውን ለመኪናው ብታስቀምጪ፣ ደመወዝ በገባ ቁጥር 600 ብር መክፈሉ ሳይቆም፣ ያ ብር ስንት ወር ሳይነካ ይቆያል? አንድ ጊዜ ብታሚስ? ወንድም እህት ቢቸገርስ? እኔ እንደሚመስለኝ ዕዳው እያለ መኪናው አይመጣም። ቢመጣም እየሰፋሽ የምታገኚው ለሰውዬው ነው። ዕዳው ሲዘጋ ግን 600 ብር በየወሩ የራስሽ ይሆናል። እቁቡ ሲያልቅ ደግሞ 500 ይጨመርበታል። 1,100 ብር በወር ማለት ነው። ያኔ ሌላ እቁብ ግቢ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለመኪናው ብቻ። ዕጣሽ ከደረሰሽ በኋላ ግን የሚቀሩትን ሦስት ወሮች እንዳትዘነጊ። የበላሽውን እቁብ በሰዓቱ መጣል ያስከብርሻል፤ ለቀጣዩም ማንም ያስገባሻል።

ብሩን ስትከፍዪ ተጠንቀቂ። ብቻሽን አትሂጂ። ሁለት የምታምኛቸው ሰዎች ይኑሩ። 6,000ውን ስትሰጪው እዚያው ላይ የፈረምሽለት ወረቀት ካለ ተቀበይ፣ ካርድሽን ተቀበይ፣ “ምንም ዕዳ የለባትም” የሚል አጭር ጽሑፍ ይፈርምልሽ። ከቻልሽ በባንክ አስገቢለት፤ ማስረጃ ይሆንሻል። ከዚያ ሳትውዪ ሳታድሪ ባንክ ሄደሽ የሚስጥር ቁጥሩን ቀይሪ። እስከዚያው ደግሞ የባንክ መግለጫሽን አስወጪ። በየወሩ ደመወዝ በገባ ቀን 600 ብር የወጣበት ይታያል። ለጠብ ሳይሆን ለቀን ክፉ ያዢው።

ይሄ ሰው ፈረቃሽን የሚመድብ፣ ትርፍ ሰዓትሽን የሚፈርም ኃላፊ ነው? ከሆነ ፍርሃትሽ ይገባኛል። “ወለድ ልክፈል” የምትል ደንበኛ ስትወጣበት ሊከፋው ይችላል። ከተቀየረብሽ፣ ወይም ካርዱን አልሰጥም ካለ፣ ያኔ ዝም አትበይ። ባንክ ሄደሽ ካርዱን አዘጊና አዲስ አውጪ፤ ሒሳቡ በስምሽ ስለሆነ የሱ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ለሰው ኃይል ኃላፊው በጽሑፍ አመልክቺ። ምናልባት በሱ የተያዘው የአንቺ ካርድ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዕዳው ከተዘጋ በኋላ ከአድቫንሱ መውጣት እንደምታስቢው ሩቅ አይደለም። አስልቼልሻለሁ። ወለድ በማትከፍይበት በመጀመሪያው ወር ከደመወዝሽ 1,050 የድሮው አድቫንስ ይቆረጣል፤ 2,516 ይቀርሻል። ኪራይ፣ እናትሽና እቁብ 1,700 ናቸው። 816 ይቀራል። በወሩ አጋማሽ ከ1,000 ይልቅ 500 ብቻ ውሰጂ። 1,316 ብር ኖረሽ ማለት ነው፤ ዛሬ ከምትኖሪበት 100 ብር ይበልጣል። በሁለተኛው ወር 525 ይቆረጣል። ከሁሉም ወጪ በኋላ 1,341 ብር ይተርፍሻል። ያን ወር አድቫንስ አትንኪ። በሦስተኛው ወር ምንም አይቆረጥብሽም፤ 1,866 ብር እጅሽ ላይ ይኖራል። ፎርሙን የምትፈርሚው ያኔ ነው። 210 ቁጠባና 200 መመዝገቢያ ተከፍሎ እንኳ 1,456 ይቀርሻል። አክሲዮኑን በሁለት ሦስት ጊዜ እንዲቀበሉሽ ጠይቂ። ከዚያም ውስጥ ትንሽ፣ 100 ብርም ቢሆን፣ ቴሌብር ሳንዱቅ ላይ ወይም በሌላ የባንክ ሒሳብ ለይተሽ አስቀምጪ። የማኅበሩ ቁጠባ ስትፈልጊ የሚወጣ አይደለም። ሌሊት ስትታመሚ የሚደርስልሽ ሌላ ነው።

“ሁሉም ይፈርማል” ስላሉሽ ነገር። የኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃድ የሚገባበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ መቁረጥን ይከለክላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ያንቺ አንድ ሦስተኛ 1,400 ብር ነው። ዛሬ በአድቫንሱ ብቻ 1,050 ደርሰሻል። ስለዚህ “አሁን ዕዳ እየዘጋሁ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ እገባለሁ” ብለሽ በትሕትና መልሺላቸው። የሚቆጣሽ ቢኖር አዋጁን ጥቀሺለት። ስትፈርሚ ደግሞ ፎርሙ ላይ የሚቆረጠው ብር በቁጥር መጻፉን እዪ። “ማንኛውም ዕዳ ከደመወዜ ይቆረጥ” የሚል ልቅ ዐረፍተ ነገር ካለ አስተካክሉልኝ በይ።

ጓደኛሽ የነገረችሽን ፍርሃት አላጣጥለውም። ሆኖም ከአንድ ገንዘብ ያዥ ተነሥቶ ሁሉንም መሸሽም ያስጎዳል፤ የሠራተኛ ቁጠባ ማኅበር ስንቱን ቤት አሠርቷል፣ ስንቱን ልጅ አስተምሯል። መሸሽ ሳይሆን መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። በከተማው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቧል? ብሩ የሚቀመጠው በማኅበሩ ስም በባንክ ነው ወይስ ሰው ጋ? ለማውጣት ስንት ሰው ይፈርማል? ሒሳቡን ማን ይመረምራል፣ ለአባላትስ መቼ ይነበባል? ሥራ ስለቅ ብሬን በስንት ቀን ትሰጡኛላችሁ? ይቺን የመጨረሻዋን በተለይ እንዳትረሺ። ባንክ ያስቀመጥሽው ብር እስከ 100,000 ድረስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ዋስትና አለው። ያ ዋስትና የቁጠባ ማኅበርን አይጨምርም። እዚያ ዋስትናው የእናንተ የአባላቱ ዐይን ነው። ሦስቱ ወሮችም ለዚህ ይጠቅሙሻል፤ ሲሠሩ ታያቸዋለሽ።

ስለ ጡረታው መናደድሽ አያስገርመኝም። የዛሬ ረሃብ የነገውን አያሳይም። ግን ይህን እወቂ። አንቺ 7 በመቶ ስትከፍይ ድርጅቱ 11 በመቶ፣ ማለትም 462 ብር፣ በስምሽ ይከፍላል። በወር 756 ብር ይገባልሻል ማለት ነው። ፋብሪካ ብትቀይሪም የአገልግሎት ዘመንሽ ይያያዛል። የሚያስጨንቀኝ መቆረጡ ሳይሆን ተቆርጦ አለመግባቱ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ጠይቀሽ ያዢ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ጠይቀሽም ገቢ መሆኑን አረጋግጪ። በዚያው የደመወዝ መዝገብሽን ተመልከቺ። አሠሪ ምን እንደከፈለ፣ ምን እንደቆረጠ መዝግቦ፣ ስትጠይቂውም ሊያስረዳሽ ግዴታ አለበት። ትርፍ ሰዓት በቀን በአንድ ተኩል፣ በሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ነው የሚታሰበው። አራት ዓመት ሠርተሽ አንድ ቀን እንኳ መርምረሽው ታውቂያለሽ?

ይህን ሁሉ ስል 4,200 ብር ይበቃል ማለቴ አይደለም። አይበቃም። አድቫንስም ማኅበርም የደመወዝን ቦታ አይተኩም። በ2011 የወጣው ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያይ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። አሠሪዎች ለሠራተኛው ደኅንነት ብለው የስልክ አድቫንስ ሲያመጡ ደስ ይለኛል። ሠራተኛው በየወሩ አጋማሽ ላይ ለምን እንደሚያልቅበት ሲጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው እናትሽ ናቸው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ እናትና ልጅ መካከል ነውና። እናትሽ ጨክነው አይመስለኝም “ያለሽው አንቺው ነሽ” የሚሉሽ። የፋብሪካ ደመወዝ ከመንዝ ሆኖ ሲታይ ትልቅ ነው። ወለዱን አያውቁም። ካርድሽ ሰው ጋ መሆኑን አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ለአርባው ያን ያህል ሰው ይጠራ ነበር? ለሙት ዓመቱ በድጋሚ ብትበደሪ የገነባነው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ከአሁኑ፣ ገና አራት ወር ሲቀረው፣ መነገር አለበት። በስልክ አይሆንም። መንገዱ ሰላም ሆኖ መሄድ ከቻልሽ ሄደሽ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ንገሪያቸው። ካልቻልሽ የንስሐ አባታቸውን በስልክ አግኚያቸውና ችግሩን አስረጂያቸው። ለሟች የሚያስፈልገው ፍትሐቱ፣ ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት መሆኑን እሳቸው ቢናገሩት የእናትሽ ልብ ይረጋል፤ ጎረቤትም አፍ አያወጣም። ጥቂት ካህናትና ጥቂት ነዳያን ጠርቶ፣ ከቤት ያለውን ገብስ ጠላ አድርጎ ሙት ዓመት ማውጣት ይቻላል። አንቺም “በዚህ ዓመት አቅሜ ይሄ ነው” ብለሽ የምትችይውን በቁጥር ተናገሪ፤ “እስቲ እናያለን” አትበይ። 500ውን መላክሽን ግን አታቋርጪ። እሱን ቀንሺ አልልሽም፤ ወጪሽን ስደምርም ያን ነገር ነክቼ አላሰላሁም።

ማኅበሩ ሲቋቋም መተዳደሪያ ደንቡን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስለ ዋስ የሚለውን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን። አንቺ ሁለት ዋስ እንደምትፈልጊው ሁሉ ሌላውም “ዋስ ሁኚኝ” ብሎ ይመጣብሻል፤ ያ ሰው ባይከፍል ከማን ደመወዝ፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ሳታውቂ ለማንም እንዳትፈርሚ።